ጥላ ፎቅ በኦክላንድ

«ጥላ በያት» አለ ጥሩነህ፣ መስታወቱ ላይ በተለጠፈው የስታዲየም ሥዕል ላይ ጣቱን ተክሎ። «እዚህ ጋ። በጥላው በኩል፣ አሥር ሰው፣ ጎን ለጎን።»

አስተርጓሚ ሆና የመጣችው ልጁ መሠረት ወደ መስኮቱ አየች። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ትኬት ሻጭ ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ ናት፤ እዚህ በጋ በሆነው በሐምሌ ወር ወፍራም ሹራብ ለብሳለች። ልብ ላለ ሰው ያቺ ሹራብ ብቻ ትበቃ ነበር። ጥሩነህ ግን ሹራቧን የት አይቶ! እሱ የሚታየው ጥላ ፎቅ ብቻ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጥሩነህ ወጣትነቱን ያሳለፈው አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ቦታው ካታንጋ የሚባለው የሕዝብ መቀመጫ ነበር፤ ፀሐይ አናት የሚበሳበት፣ ሲዘፈንና ሲጨፈር ተውሎ ድምፅ ተዘግቶ የሚወጣበት። ማዶ ጥላ ፎቅ ውስጥ ደግሞ ክራባት ያሰሩ ሰዎች ተደላድለው ያያሉ። ያኔ በልቡ አንድ ነገር ተመኘ፤ አንድ ቀን የማከብረውን ሰው ጋብዤ ጥላ ውስጥ አስቀምጣለሁ አለ። ምኞቱ ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ላይ ደረሰለት።

አሁን የሆቴል ቫን ይነዳል። ሰሞኑን ከአውስትራሊያ የመጡ ሁለት ቡድኖች እሱ ሆቴል አርፈዋል፤ የአገራቸውን ልዩ እግር ኳስ ለአሜሪካኖች ለማሳየት ቅዳሜና እሁድ ሊጫወቱ ነው። ጠዋት ማታ ወደ ልምምድ ሲያመላልሳቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተግባባና፣ ጨዋታቸውን ሳላይማ አልቀርም አለ። ብቻውንም አይደለም፤ ከሳን ሆዜ ጋሽ ተክለጻድቅን ከነቤተሰባቸውና ከነጎረቤቶቻቸው ጠራ። እነ ጥሩነህ ከሱዳን ሲመጡ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥተው የተቀበሏቸው፣ አፓርትመንት እስኪያገኙ ቤታቸው ያኖሯቸው ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው። በደጉ ዘመን ደግሞ የጥላ ፎቅ ሰው ነበሩ ይባላል።

መሠረት እቤት ሳሉ ነግራዋለች። ከትምህርት ቤት ጋር እዚሁ ስታዲየም መጥታ፣ በጥላው በኩል ተቀምጣ፣ አጠገቡ ካለው ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ነፋስ ጥርሷን ሲያንገጫግጨው ነው የዋለው። «አባዬ፣ እዚህ ጥላ ማለት ፍሪጅ ነው» ብላዋለች። እሱ ግን ሳቀባት። ሳን ሆዜ በሄደ ቁጥር ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል፤ የካሊፎርኒያ ሐምሌ እሱ ዘንድ ያ ነው። «ጋሽ ተክለጻድቅን እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ላሰጣቸው ነው?» አለና ነገሩን ዘጋው።

ሴትዮዋ ምን ልርዳችሁ ብላ ጠየቀች። ከኋላ ሰልፍ አለ። መሠረት አባቷን አየች፣ የሴትዮዋን ሹራብ አየች፣ ከዚያ አንደበቷ ቀደማት፤ በፈጣን እንግሊዝኛ «በፀሐዩ በኩል፣ አሥር፣ አንድ ላይ» አለች። ሴትዮዋ ጎበዝ ብላ ትኬቶቹን ቆርጣ ሰጠቻት።

«ምን አለች?» አለ ጥሩነህ።

«ጥሩ ቦታ መረጣችሁ አለች።»

ውሸት ነው እንዳይባል፣ ሴትዮዋ ያለችው ከዚህ ብዙ አይርቅም። እውነት ነው እንዳይባል ደግሞ፣ የመሠረት ፊት ቲማቲም መስሏል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ በተደወለ ቁጥር መሠረት ጆሮዋን ታቆም ጀመር። ጥሩነህ ደጋግሞ ጋሽ ተክለጻድቅን «ጥላ ፎቅ ነው የያዝኩልዎ፣ ጋሼ፤ አያስቡ» ሲል ትሰማለች። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያለች፣ ሳትነግረው ቅዳሜ ከች አለ።

እናቷ ሥራ ላይ ስለነበረች ከቤት የሄዱት ሁለቱ ናቸው። እንግዶቹን ስታዲየሙ በር ላይ ሲያገኟቸው ሁሉም ዘንጠዋል፤ ጋሽ ተክለጻድቅ ሙሉ ልብስ፣ ባለቤታቸው እትዬ እጅጋየሁ ጥልፍ ቀሚስ ከነነጠላው። አንድ አስተናጋጅ ትኬቱን አይቶ ደረጃውን እየመራ አወጣቸው፤ ሲወጡ ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ቦግ አለች። መቀመጫው ምጣድ ሆኗል። ጥላው ከሜዳው ማዶ፣ ጥቁርና ቀዝቃዛ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ሰውም ያለው በዚያ በኩል ነው።

ጋሽ ተክለጻድቅ በእጃቸው ዓይናቸውን ጋረዱ። «ጥሩነህ፣ ጥላ ፎቅ ያልከኝ ያ ማዶ ያለው ነው እንዴ?»

ጥሩነህ ትኬቱን አየ፣ ማዶውን አየ፣ በመጨረሻ ልጁን አየ። መሠረት ጫማዋ ላይ አቀርቅራለች። ወዲያው ገባው። አሁን ይጮህብኛል፣ ሰው ሁሉ ፊት ያዋርደኛል ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች።

«አይ ጋሼ፣ አስቤበት ነው» አለ ጥሩነህ፣ ላቡን እየጠረገ። «ጨዋታው ከዚህ ነው ደህና የሚታየው። ይቀመጡ።»

ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ለእትዬ እጅጋየሁ ሰጣቸውና ከመሠረት ራቅ ብሎ ተቀመጠ። አንዴም ዞሮ አላያትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። አባቷ በሕይወቱ ከማንም በላይ የሚያከብራቸውን ሰውዬ ስለ እሷ ብሎ ዋሽቷል፤ ያቺ ቅንጣት ኩራቱ አሁን እሷ እጅ ላይ ነች። ፀሐይዋ እንዲህ ስታቃጥል ከዋለች ጥሩነህ የሳን ሆዜ ሰው ሁሉ መሳቂያ መሆኑ ነው።

ጨዋታው ተጀመረ። ሜዳው እንቁላል ቅርጽ፣ ኳሱም እንቁላል ቅርጽ፤ ተጫዋቾቹ እጅጌ የሌለው ካናቴራ ለብሰው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እየወጣ ኳስ ከሰማይ ይቀልባል። በየጎሉ አራት ቋሚ ቆሟል። ከቋሚዎቹ ሥር ነጭ ካፖርት የለበሰ የጎል ዳኛ አለ። እትዬ እጅጋየሁ ሐኪም ነው ብለው ደመደሙ፤ ጎል በገባ ቁጥር ሰውዬው ሁለት ባንዲራ ሲያውለበልብ ግን ምን ዓይነት ሐኪም ነው ብለው ግራ ገባቸው። ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። መሠረት ብቻ አልሳቀችም። ጋሽ ተክለጻድቅ ኮታቸውን አውልቀዋል፣ ክራባታቸውን አላልተዋል፣ አንገታቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። የጨዋ ሰው ትዕግሥት ከባድ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ስትራገመው የኖረችውን ነፋስ ዛሬ ትለምነው ጀመር። ና በናትህ፣ ዛሬን ብቻ አለች በልቧ።

አራት ሩብ ካለው ጨዋታ የሁለተኛው ሩብ አጋማሽ ላይ ከስታዲየሙ ጫፍ የተሰቀሉት ባንዲራዎች ነቅነቅ አሉ። ቀጥሎ ተዘረጉ። ቀጥሎ ይርገፈገፉ ጀመር። የእትዬ እጅጋየሁ ነጠላ ተነሥቶ ጋሼ ፊት ላይ ተጠመጠመ። ፀሐይ ላይ ላሉት ነፋሱ እፎይታ ነው፤ ማዶ ግን ጉድ ፈላ። ሰዎቹ ጃኬት ደረቡ፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ፣ አንዳንዱ ጋዜጣ ደረቱ ውስጥ ጠቀጠቀ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ቤተሰብ ተነሣ። ተከትሎ አንድ ረድፍ። ስታዲየሙ ግማሹም ስላልሞላ አስተናጋጆቹ አልከለከሏቸውም፤ የጥላው ሕዝብ ሜዳውን ዞሮ፣ አፍንጫው ቀልቶ፣ ወደ እነ ጥሩነህ ይጎርፍ ጀመር።

ጋሽ ተክለጻድቅ ማዶውን አዩ፣ የሚጎርፈውን ሰው አዩ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አንተ ሰው፣ ይህን ዐውቀህ ነው!»

ጥሩነህ ወደ ሜዳው ዞረ። መሠረት በዓይኗ ጠርዝ አየችው፤ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ከንፈሩን ጭምቅ አድርጎ ያዘ።

«ልንገርህ፣ ጥሩነህ» አሉ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ጥላ ፎቅ ስቀመጥ ዓይኔ ኳሱ ላይ አልነበረም። ዓይኔ ካታንጋ ላይ ነበር። እናንተ ስትዘፍኑ እንዴት እቀና እንደነበር! በክራባት ማን ይጨፍራል? አንዴ እንኳ ካታንጋ ሳልቀመጥ አገሬን ለቅቄ ወጣሁ።»

ጥሩነህ ወደ ጋሼ ዞረ። ያን ሁሉ ዘመን እሱ ጥላውን ሲያይ ጋሼ ፀሐዩን ሲያዩ ኖረዋል። ከዚያ ብድግ አለና መቀመጫው ላይ ቆመ፤ መዳፉን ከመዳፉ አጋጨ። የካታንጋን ጭብጨባ ነበር የጀመረው፤ ሁለት ዘገም ያለ፣ ሦስት ፈጠን ያለ። ጋሼ ክራባታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና ተቀበሉት። የሳን ሆዜ ሰዎች ተቀበሉ። በብርድ ተሰደው የመጡት አሜሪካኖች ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ተቀበሉ። ሜዳ ውስጥ አንዱ ተጫዋች የሆቴሉን ሹፌር ዐወቀውና እጁን አነሣለት። የዕለቱ ተመልካች ቁጥር በድምፅ ማጉያ ሲነገር ብዙም አልነበረም፤ ሁሉም አንድ ጥግ ተሰብስቦ ስለሚጮህ ግን ስታዲየሙ የሞላ ይመስል ነበር። መሠረትም ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች።

ሲወጡ ጋሽ ተክለጻድቅ ጥሩነህን አቀፉት። ነገም እንመጣለን፣ ቦታ መምረጡን ለአንተ ትቼዋለሁ፣ እንደ አንተ ያለ ስታዲየም ዐዋቂ አይቼ አላውቅም አሉ። ጥሩነህ አመሰገነ፤ ነገር ግን ሙገሳው እንደ ጠበበ ጫማ እንደቆነጠጠው መሠረት አየች።

የነገውን ለመግዛት ትኬት መሸጫው ጋ ሲሰለፉ አባትና ልጅ ብቻ ሆኑ። ሴትዮዋ ያችኑ ሹራብ ለብሳለች።

«አባዬ» አለች መሠረት። «ያን ቀን ጥላ አላልኳትም።»

«አይቻለሁ።»

«ነግሬህ ነበር እኮ። አልሰማኸኝም።»

ጥሩነህ አንገቱን አከከ። «አልሰማሁሽም። እሱ የኔ ነው። ግን ጋሼ ፊት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ያ ደግሞ ያንቺ ነው።»

«ይቅርታ፣ አባዬ።»

ተራቸው ደረሰ። ጥሩነህ ጣቱን ወደ ሥዕሉ አነሣና አየር ላይ አቆመው። «እስቲ መጀመሪያ ጠይቂያት። ነገ ነፋሱ እንዴት ነው?»

ሴትዮዋ ወሬ የሚወድ ሰው አግኝታ ደስ አላት፤ ብዙ አወራች። መሠረት አንዲት ሳታስቀር ተረጎመችለት። ነገ ጉሙ ዘግይቶ እንደሚገለጥ፣ እስከ ዕረፍት ጥላውም ክፉ እንዳልሆነ፣ በፀሐዩ በኩል ደግሞ የላይኛው ረድፍ ዓይን እንደሚያጠፋ፣ ለእሷ ሐሳብ የማይመቸውን ጭምር ነገረችው። የራሷ ምርጫ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችውና ጠበቀች።

ጥሩነህ ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር አጠና። ከዚያ ጣቱ ከፀሐዩ በኩል፣ ታችኛው ረድፍ ላይ አረፈ።

«ካታንጋ በያት» አለ።

መሠረት ሳቋን እየታገለች ወደ መስኮቱ ዞረች። ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚሉት አታውቅም፤ ቢሆንም አባቷ ያለውን ቃል ሳትቀይር፣ ጮክ ብላ አለችው።