የሰሌኑ መጋረጃ ቋጠሮ

ፉልሄንሲዮ ቀትር ላይ ጭንቅላቱን በጠርሙስ ተመትቶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። መተዳደሪያው የስፔኗን ሴቪያ ከተማ ለማያውቁ እንግዶች የምክር መጽሐፍ መጻፍ ነበር። ሙቀቱን የማያውቅ የሰሜን ሰው ሆኖ ሳለ «በቀትር መስኮታችሁን ክፈቱ፣ የሴቪያ ፀሐይ ወደ ቤት ይግባ» ብሎ የመከረ ቂል ነበር። ያውም ከተማዋ እንደ እሳት በምትነድበት በሐምሌ! ምክሩ እንዳይዋረድበት ራሱም ክፍሉን ከፍቶ ሲጠበስ ይውል ነበር፤ የሚኖርበት የትሪያና ሰፈር በሙሉ ይስቅበት ነበር።

ኢንስፔክተር ኤንካርና ስትደርስ ፖሊሶቹ ሲግነ የምትባል የዴንማርክ ልጅ በካቴና አስረዋል።

«ስትጮኺበት ተሰምቷል» አለቻት።

«አዎ፣ ጮኼበታለሁ! በእሱ ምክር በቀትር ፀሐይ ስዞር ራሴን ስቼ ወድቄ ሆስፒታል ገባሁ። ግን አልገደልኩትም!»

ኤንካርና ዙሪያዋን አየች። ክፍሉ ጨለማና ቀዝቃዛ ነው። የመስኮቱ የሰሌን መጋረጃ ወርዶ፣ ነፋስ እንዲያስገባ በበረንዳው ብረት ላይ ተጥሎ፣ ገመዱ ተቋጥሯል።

«ይህን ነክታችኋል?»

«ኧረ ምንም አልነካንም» አሉ ፖሊሶቹ።

የቤቱ ባለቤት ዶኛ አንጉስቲያስ በጄሶ የታሰረ እጇን አቅፋ ገባች። «ልጄ፣ ያ ደረቅ ሰው መጋረጃ አውርዶ አያውቅም። ለምኜው ለምኜው ሰልችቶኝ ተውኩት።»

ኤንካርና ምድር ቤት ወዳለው የሌያንድሮ መሸታ ቤት ወረደች። ከባንኮኒው በላይ የደረቁ የአሳማ ጭኖች በገመድ ተሰቅለዋል። እሷም የገመዶቹን ቋጠሮ ልብ ብላ አየች።

«እኔ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም» አለ ሌያንድሮ። «ደግሞስ በመጽሐፉ ገበያ አመጣልኝ፤ ምን በወጣኝ እጠላዋለሁ?»

በማግስቱ በቀትር ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸውና መጋረጃውን ወደ ላይ ጠቅልላ ሰቀለችው። ፀሐዩ ክፍሉን ሞላው። ዶኛ አንጉስቲያስ በደህና እጇ ዓይኗን ከለለች። ሲግነ በካቴና እንደታሰረች ፊቷን ለፀሐይ ሰጠች። ሌያንድሮ ግን ስለ ገበያው እያወራ ተነሣ፤ መጋረጃውን አወረደ፣ ብረቱ ላይ ጣለው፣ ገመዱን ቋጠረና ወሬውን ሳያቋርጥ ተቀመጠ።

«አመሰግናለሁ» አለች ኤንካርና። «ፉልሄንሲዮ መጋረጃ አያወርድም። ይህች ልጅ ብትገድለው ኖሮ እንደተከፈተ ትታው ትሄድ ነበር። በቀትር የተከፈተ ክፍል አይቶ ማለፍ የማይችል የእኛ ሰው ብቻ ነው። ዶኛ አንጉስቲያስ በአንድ እጇ አትቋጥርም። ቋጠሮው ደግሞ የአሳማ ጭን የምትሰቅልበት የአንተው ቋጠሮ ነው፤ የትናንቱም፣ የአሁኑም።»

ሌያንድሮ እጆቹን አያቸው።

«‹የሰፈሩ ሰው የሚጠጣበት› ብሎ ጻፈብኝ» አለ። «አሁን ቤቱን እንግዳ ሞልቶት አንድ የሰፈር ሰው የለም! የአባቴ ደንበኞች የሚቆሙበት አጥተው ቀሩ። ከመጽሐፍህ አውጣኝ ብዬ ለመንኩት፤ ሳቀብኝ። ከመታሁት በኋላ... ፀሐዩ ፊቱ ላይ ነበር፤ አላስችል አለኝ።»

ኤንካርና ከሲግነ እጅ ካቴናውን ፈትታ የእሱ እጅ ላይ አጠለቀችው።

«ሬሳውን ፀሐይ እንዳይመታው አሰብክለት» አለች በንቀት። «ይህች ልጅ በአንተ ፈንታ ስትታሰር ግን ዝም ብለህ ወይንህን ትቀዳ ነበር።»