ለዳክዬ የተረፈ ዳቦ

«ሳቢ እንጂ! ምን ያስለግምሻል?» አለች ሐዊ።

ፋና ገመዱን ሳበች። ጫፉ ላይ የታሰረው ባለ ጥርስ ብረት ከኩሬው ወለል ወጣ፤ ባዶውን። ጥርሶቹ መሀል ጥቁር ጭቃ ብቻ ተሰግስጓል፤ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ለሳይንስ ፕሮጀክታቸው ሜይ ላይ መለካት ሲጀምሩ ያው ብረት ረጃጅም የውሃ ውስጥ ተክል ተሸክሞ ይወጣ ነበር። አሁን ጁላይ ነው። እዚህ ቶተንሃም፣ ከነፋና ቤት ጀርባ ያለው የፓርኩ ኩሬ አረንጓዴ ቀለም የደፉበት መስሏል።

ፋና እጇን ልትታጠብ ጎንበስ ስትል ሐዊ ጃኬቷን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተቻት።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ትናንት ከዚህ የጠጣው ውሻ ሞቷል እኮ!»

ፋና እጇን ሰበሰበች። የሳይንስ አስተማሪያቸው ሚስ ክላስ ውስጥ ያስረዳቻቸው ነገር እንዲህ ዓይኗ ሥር ይሆናል ብላ አልጠበቀችም። ውሃ ውስጥ ምግብ ሲበዛ አልጌ፣ ያ አረንጓዴው ሽፋን፣ ይራባል፤ ላዩን ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል፤ ከሥር ያሉት ተክሎች በጨለማ ይሞታሉ። አንዳንዱ አልጌ ደግሞ መርዝ አለው። ይህ ኩሬ ጥልቀቱ ከወገብ ስለማይበልጥ ለመበላሸት ትንሽ ነገር ይበቃዋል።

ሲመለሱ አጥሩ ላይ አዲስ የፓርኩ ማስታወቂያ ተለጥፎ አዩ። «እሑድ እሑድ ጆንያ ሙሉ ዳቦ ኩሬው ውስጥ የሚደፋ ሰው እየፈለግን ነው። ያያችሁ ደውሉልን» ይላል።

ፋና ደግማ አነበበችው። ሰውዬውን ታውቀዋለች። አባቷ ነው።

አባቷ ንዋይ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከሰንበቴው የተረፈውን ዳቦ ሰብስቦ ያመጣል። ቢን ውስጥ መጣልማ አይታሰብም! «እህል መጣል ግፍ ነው፤ ፍጥረት ይብላው» ይላል። ስምንት ዓመት ሙሉ ለዳክዬዎቹ ሲወረውር ኖሯል። እሷም አጠገቡ ቆማ በደስታ እየጮኸች ወርውራለች። ዳክዬዎቹ ጠግበው የተዉት ዳቦ የት እንደሚገባ አንድም ቀን አስበው አያውቁም።

«ጋሽ ንዋይ ናቸው አይደል?» አለች ሐዊ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አይቻቸዋለሁ።»

ፋና ዓይኗን ከማስታወቂያው ሳትነቅል ራሷን ነቀነቀች።

«አትፍሪ፣ ለማንም አልናገርም፣ አይ ስዌር። ሪፖርቱ ላይ ‹የምግቡ ምንጭ› የሚለው ቦታ የዝይ ኩስ ብለን እንጻፍ። ዝይዎቹም እኮ ያበላሹታል፣ ጭልጥ ያለ ውሸት አይደለም። ሰኞ ለሚስ እንሰጣታለን፣ እሷ ለፓርኩ ሰዎች ትልካለች፣ አለቀ። ማን ቼክ ያደርጋል?»

አባቷ ሲቲዝንሺፕ አፕላይ ካደረገ አራት ወሩ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አዲስ አበባ ታስሮ፣ ሲፈታ ነው የተሰደደው። ዛሬም የመንግሥት ፖስታ በበሩ ሲገባ ፊቱ አመድ ይመስላል። ስሙ አንድ ወረቀት ላይ ቢሰፍርስ? በዚህ ምክንያት ቢከለክሉትስ? ቢወስዱትስ? ፋና መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ስታሰላስል ቤት ደረሰች። በጣም ፈርታለች።

አባቷ ኪችን ውስጥ ለነገ ጆንያዎቹን እያጠፈ ነበር።

«አባዬ፣ ነገ ኩሬው ጋ እንዳትሄድ።»

«ምን ሆነሻል የኔ ልጅ? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

ስለ አልጌው፣ ስለ ሞቱት ተክሎች፣ ስለ ውሻው ነገረችው።

«ዳቦ ነፍስ ያኖራል እንጂ ይገድላል እንዴ?» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። የማስታወቂያውን ስትነግረው ግን ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።

«ስሜን ጻፉት?»

ድምፁ እንዲህ አንሶ ሰምታው አታውቅም።

«ገና ነው። የሳይንስ ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሐዊ የዝይ ኩስ ነው እንበል አለች፤ አንተን እንዳይነኩህ።»

አባቷ የያዘውን ጆንያ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «እዚያ ያሰሩኝ እኮ ውሸት ጽፈው፣ ፈርም ብለው ነው» አለ። ጻፊም፣ አትጻፊም አላላትም።

ፋና ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እስክሪብቶው በላብ ከጣቶቿ ያሟልጫል። «ዳቦ» ብላ ጻፈች። «በየእሑዱ ሁለት ጆንያ፤ ለስምንት ዓመት። እንደሚጎዳ አላወቅንም ነበር።» ከሥሩ «ከወረወሩት አንዷ» ብላ የራሷን ስም ጨመረች። የአባቷን ስም ግን አልጻፈችም። ወረቀቱን ወደሱ አዙራ ገፋችለት።

አባቷ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበና እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰደ። ሊሰርዘው ነው ብላ አሰበች። እውነትም ሰረዘ፤ «ሁለት» የሚለውን ሰርዞ «ሦስት» አለው። ከዚያ ከስሟ ጎን ስሙን ጻፈ።