አንዱ አዲስ ጎማ

ሟቹ ከራሱ መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ ነበር፤ የፊት ቀኙ ጎማ ደረቱ ላይ ቆሟል። ሰፈሩ «ሚሊሜትር» የሚለው መካኒክ ነበር፤ አንዲት ብሎን በደንብ ሳትጠብቅ ብትቀር እንቅልፍ የሚያጣ ሰው።

«ጎማ ሊቀይር በጠዋት ወጣ» አለ ታናሽ ወንድሙ ለመርማሪዋ። ዓይኑ ደም መስሏል። «ክሪኩ ከዳውና መኪናው ቁልቁል ተንሸራተተበት። እኔ ተኝቼ ነበር። ወንድምጋሼ ነው ያሳደገኝ፤ ከሱ ሌላ አባት አላውቅም።»

መርማሪዋ ተንበረከከች። መኪናው በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ አቀበት የማይፈራ ዓይነት ነው። ሦስቱ ጎማዎች ተበልተው ልሙጥ ሆነዋል፤ ሟቹ ላይ የቆመው ግን ገና አዲስ ነው። ብሎኖቹን በእጇ ሞከረች፤ ሁሉም ጥብቅ ናቸው። መኪና ማንሻው ክሪክ አጠገቡ ተጋድሟል፤ እንደ ታጠፈ ነው። የእጅ ፍሬኑ ወርዷል።

የጋራዥ ሸሪኩ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ በሩ ላይ ቆሟል።

«ከሟቹ ጋር ትጨቃጨቁ ነበር አሉ?» አለችው መርማሪዋ።

«ያልተጨቃጨቅንበት ቀን አለ እንዴ? ደንበኛ ያባርርብኝ ነበር! በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ አንድ ጎማ ብቻ ግጠሙልኝ ያለውን ሁሉ፣ ‹ካምቢዮህን ልትበላው ነው› ብሎ ይመልሰዋል።»

«ለምን?»

«አዲሱ ጎማ ከተበላው ይተልቃል። አራቱ እኩል ካልዞሩ ካምቢዮው ውስጥ ያለው የማርሽ ጥርስ ይፋጫል። ወይ አራቱንም ትቀይራለህ፣ ወይ እኩል የተበላ ትፈልጋለህ። በዚህ ቀልድ አያውቅም ነበር ሚሊሜትር።»

ሚስትየዋ ወጥ ቤት ነበረች። ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ነው ያገኘችው።

«መኪናውን ሰሞኑን ማን ነበር የያዘው?»

«የባለቤቴ ወንድም። ባለቤቴ አሞት ሰንብቷል፤ ገና ዛሬ መነሳቱ ነው።»

«ሲነሳ ምን አለ?»

«በመስኮት አየና ‹ይሄ ጎማ ደግሞ ከየት መጣ?› አለ። ነጠላ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።»

መርማሪዋ አንድ ፖሊስ በአካባቢው ጎማ ጠጋኞች ዘንድ እንዲዞር ላከች። ፖሊሱ ሲመለስ የተቀደደ ጎማ ተሸክሞ ነበር። ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሚስትየዋን፣ ታናሽ ወንድሙንና ሸሪኩን መኪናው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ጎማ እየቀየረ አልነበረም» አለች። «ብሎኖቹ ጠብቀው አልቀዋል። መኪና ተሸክሞ የከዳ ክሪክ ደግሞ እንደ ተዘረጋ ይወድቃል እንጂ ታጥፎ አይገኝም፤ ይህኛው ሰውየው ከሞተ በኋላ የተቀመጠ ነው። ሚሊሜትር የሚባል ሰው የእጅ ፍሬን ሳይዝ መኪና ሥር አይገባም። ፍሬኑን ሌላ ሰው አወረደው።»

የተቀደደውን ጎማ ወደ መሃል ጎተተች።

«አንድ ጎማ ብቻ የሚገጥመው እሱ አይደለም፤ ሸሪኩም አይደለም። የቸኮለ ሰው ነው።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «አንተ ተኝተህ ከነበረ ጎማ ሊቀይር መውጣቱን ማን ነገረህ?»

መርማሪዋ ከተቀደደው ጎማ ውስጥ የብስክሌት ፔዳል ስባሪ ስባ አወጣች።

«ይህን አውልቆ አዲሱን የገጠመልህ ጎማ ጠጋኝ መልክህን አልረሳም። በዚህ ሳምንት አንዲት አስተማሪ በብስክሌት ስትሄድ ተገጭታለች። የገጫት ሰው ጥሏት ሄደ።»

«እትዬ…» አለ ወደ ወንድሙ ሚስት ዞሮ። «‹ካምቢዮውን ጎድተኸው እንደሆነ ልየው› ብሎ መኪናው ሥር ገባ። ‹ለምን አንድ ብቻ?› እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነገርኩት። አልጮኸብኝም። ‹ቁርስ እንብላና አብረን ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን፤ ብቻህን አልተውህም› አለኝ። እኔ ነፍስ አጥፍቼ፣ ዕድሜ ልኬን ልታሰር… ፍሬኑን… እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም…»

«ያኔ ነፍስ አላጠፋህም ነበር» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «አስተማሪዋ እግሯ ነው የተሰበረው። ትናንት አነጋግሬያታለሁ።»

«በሕይወት አለች?»

ፖሊሱ እጁን ሲያስረው፣ በሩን ሲያሳልፈውም፣ «በሕይወት አለች?» ይል ነበር። ሚስትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።