የያሪሳ ቦታ

ያሪሳ ራዳሜስን ያወቀችው ኳሱ አጥራቸውን ዘሎ ገና ያሰጣችውን ነጭ አንሶላ ባቆሸሸ ቀን ነው።

«ኳሴን ስጪኝ» አላት።

«መጀመሪያ አንሶላውን እጠብ!»

አጠበ። ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት።

ያ ልጅ ዛሬ አሜሪካ ሄዶ በታላቁ የቤዝቦል ሊግ ይጫወታል። የጠሩት ግን ጉልበቱን የተጎዳ ተጫዋች እስኪድን ብቻ ነው። «ካስቀሩኝ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብሏታል።

በመጀመሪያው ጨዋታ ሰፈሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ አፈጠጠ። ያሪሳ ዘግይታ የእናቱን የዶኛ (የወይዘሮ) ኦልጋን ደጃፍ ስትረግጥ፣ ራዳሜስ የተወረወረችለትን ኳስ በዱላው አጎናት። ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

«ንቅንቅ እንዳትዪ!» አሉ ዶኛ ኦልጋ። «ዕድሉ እዚያ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቦታሽ በሩ ላይ ነው።»

በከተማቸው በሳን ፔድሮ በዚህ አይቀለድም። የራዳሜስ አጎት በየጨዋታው ያንኑ ያልታጠበ ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ ያሪሳ ትቆማለች። እግሯ ያብጣል፤ አጠገቧ ባዶ ወንበር አለ፤ አትቀመጥም። ሌላ ምን ልታደርግለት ትችላለች? ስትጸልይ የዚያ የማታውቀው ሰው ጉልበት እንዳይድን ትለምንና በራሷ ታፍራለች።

ጉልበቱ ዳነ።

በመጨረሻው ጨዋታ ራዳሜስ ዱላውን ይዞ ሲቆም ፊቱ ገርጥቶ ነበር። ወረወሩለት፤ ሳተ። ደገሙት፤ ሳተ። ሦስተኛው ሲያልፈው ዱላውን እንኳ ሳያነሳ ቀረ፤ ሦስቴ የሳተ ይወጣልና አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ዶኛ ኦልጋ ዞር አሉ። «ተቀምጠሽ ነበር እንዴ?»

«ኧረ እንደቆምኩ ነኝ፣ ዶኛ።»

ያበጠ እግሯን አይተው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ።

ራዳሜስ ሻንጣውን ይዞ ሲመለስ ያሪሳ እዚያው በር ላይ ነበረች።

«ምን ያቆምሻል?»

«እናትህ ናቸው፤ ዕድልህ እዚህ ነው ብለው።»

«ሁልጊዜ ቆመሽ ነው ያየሽኝ?»

«ሁልጊዜ።»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ባዶውን ወንበር ሳበላት።

«ተቀመጪ፣ የኔ ቆንጆ። አለቀ እኮ። ልወስድሽም አልቻልኩም።»

ተቀመጠች። እሱም ሥሯ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አንሶላ ማጠብስ አልረሳህም?» አለችው።

ራዳሜስ ያን ጊዜ አለቀሰ።