በሸራ የተሸፈኑ ማሽኖች

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ በግቢው ጥግ፣ ትምህርት ቤቱ የሚኮራበት ሰፊ ወርክሾፕ ነበር። አንድ የብረት መቅረጫ ቶርኖ፣ ሁለት የብረት መብሻ ማሽኖች፣ አንድ የብየዳ ማሽንና ብረት ጨብጦ የሚይዝ ሞርሳ የተገጠመላቸው ስምንት ጠረጴዛዎች በሥርዓት ተደርድረውበታል። የሙያ ትምህርት የመረጡ ተማሪዎች ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለ እነዚህ ማሽኖች ይማራሉ። ስለ ማሽኖቹ ይማራሉ እንጂ በማሽኖቹ ይማራሉ አላልኩም። ክፍሉ ለሰው የሚከፈተው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ለእንግዳ።

ቁልፉ ያለው የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ዘንድ ነው። ተማሪዎቹ በሌለችበት «እትዬ ሸራ» ይሏታል፤ ማሽኖቹን በሙሉ በልካቸው ሸራ አሰፍታ ስላለበሰቻቸው ነው። ስሙን ሰምታው ታውቃለች፤ አልከፋትም። እንዲያውም ደስ ሳይላት አልቀረም። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ክፍሉን ከፍታ ትገባለች፣ ሸራውን ገለጥ አድርጋ በዘይት በነከረችው ጨርቅ ትወለውላለች፣ መልሳ ትሸፍንና ቆልፋ ትወጣለች። በሰባት ዓመት ውስጥ አንዲት ብሎን አልጠፋችባትም። አንዲት ብሎንም አልተፈታችባትም።

በእሷ ብቻ መፍረድ አይቻልም። በዚያ ትምህርት ቤት ማሽን በሥራ ላይ እያለ ከተሰበረ ኃላፊው ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ ይመረመራል፣ በስብሰባ መሃል ይወቀሳል። ማሽኑ ተሸፍኖ ቢያረጅ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ጭራሽ «አርአያ ለሆነ የንብረት አያያዝ» ተብሎ የምስጋና ወረቀት ይሰጣል። እሷም እንዲህ ያለ ወረቀት አራት ጊዜ ተቀብላለች። ይህን ደንብ ያወጣ ሰው ማሽኑ ለማን እንደተገዛ ፈጽሞ ረስቶታል፤ የረሳው ደግሞ እሱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት!

ታዲያ ተማሪዎቹ እንዴት ይማራሉ? የወርክሾፑ መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ በባለ ቀለም ጠመኔ መብሻ ማሽን ይሥላል። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ልጆቹ በደብተራቸው ይገለብጡታል፣ የክፍሎቹን ስም ይሸመድዳሉ። የተግባር ፈተና የሚባለውም ወረቀት ነው፤ በሥዕሉ ላይ ከቁጥር አንድ እስከ አሥራ ሁለት ያሉትን ክፍሎች ስም መሙላት። ልጅን ምንጣፍ ላይ አስተኝቶ ዋና ካስተማሩ በኋላ ወንዝ ውስጥ መወርወር ማለት ይኸው ነው።

የእትዬ ሸራ አንድያ ልጅ በዚህ ፈተና ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። ከመቶ ዘጠና ስድስት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ያሳደገቻት ልጅ ናት፤ እናት ውጤቱን ለጎረቤት ሁሉ አፏን ሞልታ አወራች። ልጅቷ ግን ደስታዋ ሙሉ አልነበረም። የብረት በርና መስኮት የሚሠራ አንድ ድርጅት ከተመራቂዎቹ መካከል አንድ ሰው ሊቀጥር ለሙከራ ጠርቷታል። ሙከራው ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ እናትና ልጅ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠቡ ሳለ ነገሩን አነሳችው።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ።»

«በይ።»

«ነገ ሸራውን ስትገልጪ አብሬሽ ልግባ። አንድ ሰዓት ብቻ። መብሻውን አንድ ጊዜ ላስነሳው። ሐሙስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ባልነካው ደስ ይለኛል።»

እናት የያዘችውን አንሶላ ጨምቃ ገመዱ ላይ ወረወረችው። «ለልጇ ከፈተች እንድባል ነው? ሰባት ዓመት ያቆየሁትን ስሜን በአንድ ሰዓት ልታጠፊው?»

«ለሁሉም ክፈቺ እንጂ። የክፍላችን ልጆች በሙሉ ቢገቡ ማን ምን ይላል?»

«ቢሰበርስ? ማነው የሚጠየቀው? አንቺ ነሽ?»

«ለምን ተገዛ ታዲያ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። የተረከብኩትን ማስረከብ ነው የእኔ ሥራ።» ቀና ብላ አየቻትና ድምጿን አለዘበች። «ደግሞ አንቺ ምን ያስፈራሻል? ዘጠና ስድስት ያመጣሽ ልጅ! ያላወቅሽው ነገር ቢኖር ይሄን ሁሉ ታመጪ ነበር?»

ልጅቷ የቀረውን ልብስ አጥባ ገባች። ረቡዕ ዕለት እናት ከሥራ ስትወጣ ሱቅ ገብታ ወፍራም አዲስ የሥራ ጓንት ገዛችላት። በማሽን ከመሥራት በፊት ጓንት ማድረግ እንደሚገባ ከልጇ ደብተር ላይ አንብባ ነበርና፣ ቢያንስ ይሄ አይጉደልባት ብላ ነው። «እጅሽን ጠብቂ» ብላ ሰጠቻት።

ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ።

ክሊኒክ ስትደርስ ልጇ አልጋ ላይ ነበረች፤ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሕመም ማስታገሻው ስላደነዘዛት ዓይኗን ከፍታ ታያለች እንጂ አትናገርም። ኮሪደሩ ላይ ጠና ያለ ሰውዬ፣ በዘይት የተጨማለቀ ቱታውን እንደለበሰ፣ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል። የድርጅቱ ፎርማን ነበር።

«እናቷ ነዎት?» አለና ተነሳ። «ሁለት ጣቶቿን ማትረፍ አልተቻለም። ጠቋሚዋንና የመሃሏን።»

ግድግዳውን ተደግፋ «ምን አደረጋችኋት?» አለች።

«ላሜራ ሰጠኋትና ለማጠፊያ የሚሆን ቀዳዳ ብሺልኝ አልኳት። ወረቀቷ ላይ ዘጠና ስድስት ይላል፤ ወረቀቱን አምኜ አንድ ሰው ላናግር ዘወር አልኩ። የእኔ ጥፋት እሱ ነው፣ አልክድም። ዞር ስል ጓንት አድርጋለች። ቆይ ብዬ ልጮህ ስል ማሽኑን አስነስታዋለች።»

«ጓንት ማድረጓ ምን ጥፋት አለው?»

ፎርማኑ በግርምት አያት። «እናቴ፣ በሚሽከረከር ማሽን ላይ ጓንት አይደረግም። ጨርቁን ይነክሰዋል፣ ከዚያ እጁን ጠቅልሎ ይወስደዋል። ይሄን እኮ እኛ ጋ የሚጠርገውም ሰው ያውቃል። ማነው ያስተማራት? ትምህርት ቤቷ ማሽን የለውም?»

አለው ማለት አቃታት። ቁልፉ በቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቀረች።

በማግስቱ የልጇን የፈተና ወረቀት ይዛ ወደ መምህሩ ሄደች። ጥያቄ ሰባት እንዲህ ይላል፦ «የመብሻ ማሽን ከማስነሳት በፊት ምን ይደረጋል?» ልጅቷ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ጓንት ይደረጋል» ብላለች። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ የራይት ምልክት፣ ከምልክቱ ጎን ሙሉ ነጥብ። ልጅቷ ጣቶቿን ያጣችው ስላልተማረች ነው እንዳትሉ፤ የተማረችውን በትክክል ስለሠራች ነው።

መምህሩ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ተመለከተው።

«ለብየዳ የተጻፈውን ደንብ ነው ለሁሉም ያደረግኩት» አለ በመጨረሻ። «እኔ እኮ አውቀዋለሁ፤ ስማር ሠርቼበታለሁ። ግን ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ስገለብጥ... ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ማንንም አይጎዳም። ማሽኑ ቢሠራ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ጓንታቸውን አስወልቃቸው ነበር፤ ሳይ ትዝ ይለኝ ነበር።»

«ለምን አልጠየቁኝም? ለምን ክፈቺ አላሉኝም?»

«ርዕሰ መምህሩን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅኩ፣ ሦስቴም ‹ንብረት ክፍል አልተስማማም› የሚል መልስ መጣ። ከዚያ ዝም አልኩ።» አንገቱን ደፋ። «ዝም ማለት አልነበረብኝም። ሥዕል መሣል ለመድኩ፣ እትዬ። ቀላል ነበር።»

ርዕሰ መምህሩ ጋ ስትገባ እሱ ስለ ሌላ ነገር ነበር የሚጨነቀው፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ ከበላይ መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች ይመጣሉ። ስለ ልጅቷ ሐዘኑን ገለጸላትና፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ «ደግነቱ በእኛ ግቢ የደረሰ አይደለም» አላት። በእኛ ግቢ የደረሰ አይደለም! አራት ዓመት ሙሉ በእኛ ግቢ የተሠራው አደጋ ሌላ ሰው ግቢ ሄዶ ስለፈነዳ፣ ሰውዬው ከደሙ ንጹሕ ነኝ ብሎ አርፎ ተቀምጧል። «ማሽኖቹ ለማክሰኞ ይወልወሉ» ሲላት «እሺ» ብላ ወጣች።

ማክሰኞ ደረሰ። ሸራው ተነሳ፣ ማሽኖቹ አንጸባረቁ። እንደ ልማዱ ሁለት ተማሪዎች ያልቆሸሸ ቱታ ለብሰው በመብሻ ማሽኖቹ አጠገብ ቆሙ። አምስት እንግዶች ገቡ። ርዕሰ መምህሩ እጁን ዘርግቶ «ተማሪዎቻችን በሳምንት ስድስት ሰዓት እዚህ በተግባር ይሠራሉ» አለ።

«አይሠሩም» አለች የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ከበሩ አጠገብ።

እንግዶቹ ዞር አሉ። ርዕሰ መምህሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እትዬ ትንሽ ድካም ላይ ናቸው፤ ልጃቸው...»

«ደክሞኝ አይደለም። ቆልፌባቸው ነው። ሰባት ዓመት የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ደግሞ ስለቆለፍኩ ሸለሙኝ።» ወደ አንደኛው ተማሪ ዞረች። «ልጄ፣ አስነሳው እስቲ።»

ልጁ ወደ ርዕሰ መምህሩ አየ፣ ወደ መምህሩ አየ፣ ከዚያ ማሽኑን በዓይኑ ይዳብስ ጀመር። ማብሪያውን ከላይ ፈለገ፣ ከጎን ፈለገ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከእንግዶቹ አንዷ ጎንበስ ብላ የማሽኑን ገመድ ከኋላ ሳበችው፤ ከፋብሪካ እንደመጣ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሯል። የወርክሾፑ መምህር እጁን ኪሱ ከትቶ ወለሉን ያያል።

«እኔ ልጄን ዘጠና ስድስት አመጣሽ ብዬ ልኬያታለሁ» አለች እናት። «ጓንቱንም የገዛሁላት እኔ ነኝ። ከዚህ ክፍል በየዓመቱ ሠላሳ ልጅ ወረቀት ይዞ ይወጣል። የስንቱን እጅ እንደላክን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሰውን የሚያስቅ ዓይነት ነው። መጀመሪያ የመጣው ለእሷ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው፤ «የጉብኝት ሥነ ሥርዓትን አውከዋል» ይላል። ወርክሾፑ ይከፈት የሚለው ደብዳቤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር የመጣው። በሥራ ላይ ለሚሰበር መሣሪያ ማንም እንደማይጠየቅ የሚገልጽ አንዲት ዓረፍተ ነገርም ነበረችበት። አንዲት ዓረፍተ ነገር! ሰባት ዓመት ሙሉ የጠፋችው እሷ ናት። ለመጻፍ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እናንተው ገምቱት።

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ መምህራንና አለቆች፣ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ስንት አመጣህ፣ ስንት አመጣሽ ማለቱን ለአንድ ቀን ተዉትና ዛሬ በእጃችሁ ምን ሠራችሁ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሥዕል ከሆነ ተነሱና ትምህርት ቤቱ ድረስ ሂዱ። የተቆለፈውን ክፍል አሳዩን በሉ። መሣሪያው እንዳይበላሽ ነው የሚል ውሃ የማያነሳ ምክንያት ከሰጧችሁ፣ የሚበላሸው ልጃችን ነው ብላችሁ መልሱላቸው። ነገ ዛሬ አትበሉ፤ ሙከራው ሐሙስ ሊሆን ይችላል።

ድርጅቱ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠ። ፎርማኑ ሁለት ጊዜ ልጅቷን ቤቷ ድረስ መጥቶ ጠየቃት፤ እጇ ሲድን በግራዋ መሥራት ከለመደች ሌላ ቦታ እንደሚፈልግላት ነግሯታል፤ ቃል ግን አልገባም። እናት በእነዚህ ሳምንታት ይቅርታ ለመጠየቅ ስንቴ አፏን ከፍታ ስንቴ እንደዘጋችው እሷው ታውቃለች። ልጇን ታበላታለች፣ ፀጉሯን ትሠራላታለች፣ የልብሷን ቁልፍ ትቆልፍላታለች፤ ያንን እሑድ ግን ሁለቱም አያነሱትም።

ወርክሾፑ በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን መምህሩ ልጅቷን አስጠራት። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ማሽን ከመንካታቸው በፊት የደረሰባትን ራሷ ትንገራቸው፣ ከዚያም ከእነሱ ጋር ከመጀመሪያው ጀምራ ትማር ብሎ ነው። እናት ቁልፉን ይዛ፣ ልጅ ከጎኗ፣ በሩ ላይ ደረሱ። ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች በሰልፍ ቆመዋል። እናት ቁልፉን በበሩ ቀዳዳ ከተተችና ሳትከፍት ቆመች።

«ልጄ» አለች ሳትዞር፣ «በዚያን ቀን አንድ ሰዓት ነበር የለመንሽኝ። ይቅር በይኝ።»

ልጅቷ የተረፉትን ጣቶቿን በግራ እጇ ያዘች።

«አሁን አልችልም፣ እማዬ» አለች። «አንድ ቀን እችል ይሆናል። አሁን በሩን ክፈቺ፤ ልጆቹ ቆመዋል።»