አራተኛው ስዕል

ዓያንቱ ባሏን ሞቶ ያገኘችው ሐሙስ ዕለት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጣሊያን ከገባ ወዲህ በተዘጋው የመቱ ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ ባሏ መምህር ጅራታ በደረቱ ተደፍቷል፤ ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ የበሩ ማስደገፊያ ድንጋይ አጠገቡ ወድቋል። ግድግዳው ላይ አንድ የተሳለ አቡጀዲ ተንጠልጥሎ ነበር። ዓያንቱ አወረደችው፤ ቀለሙን ወደ ውስጥ አድርጋ ባሏን አለበሰችው። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

ዓርብ ማለዳ የጨርቅ ነጋዴው የነዚፍ ሚስት ኩልሱም መጥታ በደበሳ ደጅ ላይ ቆመች።

«ጋሼ ደበሳ፣ ነዚፍን ትናንት ማታውኑ አሰሩት። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ገበያ መሀል ይሰቅሉታል።»

«ገደለ ያለው ማን ነው?»

«አስተርጓሚው አሰፋ። ‹ጅራታ ዘንድ መጨረሻ የገባው እሱ ነው› ብሎ ለጣሊያኑ ሹም ነገረው።»

ደበሳ በአገሩ መንግሥት ጊዜ የፍርድ ቤት መርማሪ ነበር፤ አሁን ንብ ያነባል። ሲናደድ ድምፁ የሚወርድ ሰው ነው። ኩልሱም መልሱን ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረባት።

«ግቢና ቁጭ በይ፤ እኔ እሄዳለሁ» አላት።

የተናደደው በነዚፍ መታሰር ብቻ አልነበረም። የያዮ መንገድ ሥራ በአራት ወር ውስጥ ሠላሳ የመቱ ሰው በልቷል። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ለሹሙ አቤት ብለዋል፤ «ልጆቻችን በርሃብ አለቁ» ሲሉ አሰፋ ያስተረጉማል፤ ሹሙም ፈገግ ብሎ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ይሸኛቸዋል። ለርሃብ አቤቱታ ፈገግታ የሚመልስ ሰው አሰፋ ምን ብሎ እንደተረጎመለት ደበሳ ሳይገባው አልቀረም። ከሰሞኑ ደግሞ ሹሙ ጅራታን ቅዳሜ ገበያ ላይ የመንገዱን ጥቅም በስዕል እያሳየ እንዲያስረዳ አዞት ነበር።

ዓያንቱ ለቅሶ ላይ ብትሆንም ደበሳን ጓዳ አስገብታ አነጋገረችው።

«ስንት ስዕል ነበረው?»

«አራት። ሦስቱን አውቃቸዋለሁ፤ ቀለም የምበጠብጥለት እኔ ነኝ። አንደኛው ሰዎቹ ዶማ ይዘው ከመቱ ሲወጡ ነው። ሁለተኛው ያዮ ጫካ ውስጥ ከስተው ሲወድቁ። ሦስተኛው በቅሎ የሠራተኞቹን ዱቄት በጆንያ ጭና ስትሄድ። አራተኛውን ግን ለእኔም አላሳየኝም። ‹ተመልካች ከተናጋሪው ቀድሞ ካየ ነገሩ ይበርዳል› ይል ነበር።»

«አሁን የት አለ?»

«ቀለም በምናሞቅበት ምድጃ ውስጥ የአቡጀዲ አመድ ነው ያገኘሁት።»

ባሏን ያለበሰችበትን አቡጀዲ አውጥታ ዘረጋችለት። ሦስተኛው ስዕል ነው። በበቅሎዋ ጀርባ ላይ እንደ ጎጆ የገዘፈ ደማቅ ቀይ ጆንያ ተጭኗል። ደበሳ በጣቱ ዳሰሰው። ከቀዩ ቀለም ሥር በከሰል የተነደፈ አንድ ትንሽ ጆንያ ይታያል።

«ቀዩ ሸሚዙ ላይ ተጣብቆ ነበር» አለች ዓያንቱ። «ሳለብሰው አልደረቀም ነበር።»

«ይህን ስዕል ከአንቺ ሌላ ያየ አለ?»

«የለም። ሬሳውን ያመጡት አቡጀዲውን እንደለበሰ ነው፤ የገነዝኩት እኔው ነኝ።»

ደበሳ እስር ቤት ሲደርስ ነዚፍ እጆቹን የፊጥኝ ታስሮ ተቀምጧል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄድኩ» አለ። «ጅራታ ከስዕሉ ራቅ አድርጎ ግድግዳ ጥግ አቆመኝና ‹እኔ አልናገርም፤ የምታየውን አንተ ንገረኝ› አለኝ። ሰው ያልገባውን ቦታ መልሶ ይስለዋል፤ ልማዱ ነው። እኔም ‹በቅሎ አያለሁ፤ የጫነችው ግን ከዚህ አይታይም› አልኩት። ‹እንግዲያው ከገበያው ዳር የቆመ ሰው ምኑን ያየዋል› ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሱቄ ገባሁ፤ እስኪይዙኝ ድረስ ገበያተኛ ፊት ነበርኩ።»

«ጆንያው ምን ዓይነት ነበር?»

«ምን ዓይነት ይሆናል? ስወጣ ቀረብ ብዬ ሳያት ትንሽዬ፣ ቀለም የሌላት።»

ወደ ማምሻው ደበሳ አሰፋን ሹሙ ግቢ አገኘው። አሰፋ ነጭ የጣሊያን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ለሥርዓቱ ያህል ነው፣ አቶ አሰፋ። ጅራታ ዘንድ መቼ ሄዱ?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት። ሹሙ ስዕሎቹን እይለት ስላለኝ አየሁ።»

«ምን አዩ?»

«ሠራተኞች፤ ቀይ ጆንያ የጫነች በቅሎ... ሌላም ነገር። ጥሩ ነው ብዬው ሄድኩ፤ ከዚያ አልተመለስኩም። ይልቅ የነዚፍን ነገር አትድከሙበት፤ ያለቀ ነው።»

ደበሳ እጅ ነስቶ ወጣ።  በዚህ አገር ቀይ የዱቄት ጆንያ ታይቶ አይታወቅም፤ አሰፋ የተቀባውን ሳያይ ቀይ ሊል አይችልም። ነገር ግን ይህን ለሹሙ የሚነግርለት አንደበት ያው የአሰፋ አንደበት ነው። ነዚፍን የሚያድን ቃል በገዳዩ አፍ ማለፍ ነበረበት።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ዓያንቱ ተመለሰ።

«ከሰልና አቡጀዲ አለሽ?»

«አለ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ባልሽ እንዳስተማረሽ ሳዪልኝ። ትልቅ ትልቅ አድርጊው። በአንዱ አቡጀዲ ላይ ከአንድ ነገር በላይ እንዳይኖር።»

ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በፊት ገበያው ሞላ። ሹሙ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ አሰፋ ከጎኑ ቆሟል፤ ነዚፍ ገመድ በተንጠለጠለበት ግንድ ሥር ነው፤ ኩልሱም ከሴቶቹ ጋር ናት። ደበሳና ዓያንቱ የተጠቀለሉትን አቡጀዲዎች በሁለት እንጨት መሀል ሰቀሉ፤ ሹሙ ያዘዘው የመንገዱ ትምህርት መስሎት አልከለከላቸውም።

«አቶ አሰፋ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያዩትን ስዕል ለሹሙ ይንገሩልኝ» አለ ደበሳ። «በቅሎዋን፣ ቀዩን ጆንያ፣ ከዚያም እንዳልተመለሱ።»

አሰፋ ነገሩ ለራሱ ምስክር ስለሆነለት ደስ ብሎት ተረጎመ። ደበሳ ከጣሊያንኛው የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ቀይ ማለት የሆነውን «ሮሶ» ግን ሰማ። ሹሙ ራሱን ነቀነቀ።

ደበሳ ከስዕሎቹ ጎን፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አድርጎ ቆመ። የመጀመሪያውን ፈታ። ፀሐይ ከምሥራቅ ወጥታለች፤ ባለ ባርኔጣ ሰው በር ላይ ቆሟል፤ ግድግዳው ላይ ትንሽ፣ ቀለም የሌለው ጆንያ የጫነች በቅሎ ተስላለች። ሕዝቡ በደንብ እስኪያይ ጠበቀ። ከዚያ ጠቀለለው።

«ጠዋት ነው» አለ።

ሁለተኛውን ፈታ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ቆብ የደፋ ሰው ጣቱን ወደ ጆንያው ቀስሯል። ጆንያው አሁንም ያው ትንሹ ነው።

«ዘጠኝ ሰዓት ነው። ነዚፍ ‹አይታይም› አለው።»

በሦስተኛው ላይ ባለ ቆቡ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ጅራታ ብቻውን ብሩሽ ይዟል፤ ጆንያው ገዝፎ በቀይ አፈር ተቀብቷል።

«ነዚፍ ከሄደ በኋላ ጅራታ ጆንያውን አገዘፈው፤ ቀይ ቀባው። ሚስቱ ስታለብሰው ቀለሙ እርጥብ ነበር። ቀዩን ጆንያ ከዓያንቱና ከእኔ በቀር ያየ የለም። ጅራታን ማጅራቱን የመታው ሰው ግን አይቶታል። ጅራታ ሰው ፊት ጀርባውን የሚሰጥ መምህር አልነበረም፤ የዞረው ያልታሰበ እንግዳ ሲገባበት አራተኛውን ስዕል ሊጠቀልል ነው።»

አሰፋ ወደ ሹሙ ጎንበስ ብሎ ፈጠን ፈጠን እያለ አወራ። ሹሙ ግን ዓይኑን ከአቡጀዲው አልነቀለም። ደበሳ ሬሳው ለብሶት የነበረውን ዋናውን ስዕል ዘረጋ፤ ቀዩ ጆንያ ደም ነክቶታል። በዱላው ጆንያውን ነካ።

«ሮሶ» አለ።

የመጀመሪያውን ስዕል እንደገና ፈትቶ ዱላውን ከባርኔጣው ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ ወደ ትንሹ፣ ቀለም ወደሌለው ጆንያ አዛወረው። ሹሙ ቀስ ብሎ ወደ አሰፋ ዞረ። አሰፋ ማውራቱን አቆመ።

«የተቃጠለውን አራተኛ ስዕል እኔም አላየሁትም» አለ ደበሳ፤ ድምፁ ስለወረደ ገበያተኛው ሁሉ ለመስማት ጠጋ አለ። «በቅሎዋ ወዴት ትሄድ እንደነበር ግን መገመት አይከብድም።»

ባዶ አቡጀዲ ሰቅሎ ከሰሉን አነሳ። በቅሎዋን ነደፈ፤ ጆንያውን፤ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ቆርቆሮ ቤት። ሳይጨርሰው ሴቶቹ ማጉረምረም ጀመሩ። መቱ ውስጥ ከሹሙ ሌላ ቆርቆሮ ቤት ያለው አሰፋ ብቻ ነው።

ሹሙ ተነስቶ ወታደሮቹን አዘዘ። ብዙም ሳይቆዩ ከአሰፋ ጓዳ የመንግሥት ማኅተም ያለባቸው ዐሥራ ዘጠኝ ጆንያ ዱቄት ተሸክመው ተመለሱ። ሹሙ የአሰፋን ባርኔጣ በጥፊ አወለቀው። የተቆጣው ለዱቄቱ ነው። ጅራታን አላነሳም፤ ያዮ ላይ የወደቁትንም አላነሳም።

ወታደሮቹ የነዚፍን እጅ ፈትተው አሰፋን በዚያው ገመድ አሰሩት። ሹሙ በእጁ ዱቄቱ ወደራሱ ግምጃ ቤት እንዲገባ አመለከተ።

ያኔ ደበሳ የጅራታን ሁለተኛ ስዕል አምጥቶ ሹሙ ፊት ዘረጋው። ከስተው የወደቁ ሰዎች ናቸው። ሹሙ ፊቱን አዞረ። ደበሳ በዞረበት በኩል ሄዶ ደግሞ ዘረጋው።

«ይህንንስ?» አለ በአማርኛ። አስተርጓሚ አልነበረም።

ነዚፍ ሁለቱን እጆቹን አሻሽቶ፣ ወደ ጆንያዎቹ ሄደና አንዱን ተሸከመ። ቀጥሎ ለገበያ የመጣ አንድ ገበሬ አነሳ፤ ቀጥሎ ሌላ ሰው። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አዙረው ሹሙን አዩት። ሹሙ ገበያውን ሞልቶ የቆመውን ሕዝብ ቃኘ፤ ከዚያ ጓንቱን አጥልቆ ወደ ቤቱ ሄደ።

ዐሥራ ዘጠኙ ጆንያ በሰው ትከሻ ያዮ ሠራተኞቹ ዘንድ የደረሰው በማግስቱ ነው። ደበሳ ፊት ፊት እየሄደ ነበር፤ እስከዚያም ንዴቱ አልበረደለትም።