ስድስተኛው ጨርቅ

«ከምነግርዎ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ይቺ ምላሴ እዚሁ ትቆረጥ» አለ ዋናው መካኒክ፣ ደረቱን በቅባታም መዳፉ እየደለቀ። «እውነት ነው እመቤቴ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት።»

የእህቱ ልጅ መሐላውን የሰማችው ከከባዱ መኪና ሥር በጀርባዋ ተንጋልላ ነው። ከዚያ የሚታያት ጫማ ብቻ ነበር። የአጎቷ ቡትስ አለ። መኪናውን የላከው የጭነት ድርጅት ኃላፊ የሆነችው ሴትዮ ጥቁር ጫማ አለ፤ ዘይት እንዳይነካው ወለሉን በጫፉ ብቻ ይረግጣል። ራቅ ብሎ ደግሞ የሹፌሩ፤ ተረከዙ ተበልቶ ያለቀ፣ ከቆመበት ንቅንቅ የማይል።

መኪናው ለሞተሩ አየር የሚያጠግበው ቱርቦ ትናንት ተቀይሮለት ማታ ከዚህ ጋራዥ በራሱ ጉልበት ወጣ። ዛሬ ጠዋት ተጎትቶ ተመለሰ። አዲሱ ቱርቦ እንክትክት ብሏል። ኃላፊዋ የመጣችው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ የሹፌሩ ከሆነ ዛሬውኑ ይሰናበታል።

«ገና ሦስት ኪሎ ሜትር ሲቀረው የሞተሩን ድምፅ ሰማሁት» ቀጠለ አጎቷ። «'ይሄ ሰውዬ ዳገት ላይ ገድሎታል' አልኩ፤ እዚህች ቦታ ቆሜ።»

«ሞተሩ ጠፍቶ ነበር እኮ አለቃ» አለ ሹፌሩ ቀስ ብሎ። «በገመድ ተጎትቶ ነው የመጣው።»

«ወንድሜ፣ የጠፋ ሞተርም ይናገራል፤ ጆሮ ላለው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳቋ ያመልጣት ነበር። በአጎቷ ወሬ ነው ያደገችው። ብቻውን ያነሳው የማርሽ ሳጥን በየዓመቱ መቶ ኪሎ እየጨመረ፣ ዘንድሮ ዝሆን አክሏል። ዛሬ ግን አንድ የዘይት ጠብታ ከላይ ወርዶ ከንፈሯ ላይ ተዘረጋ፤ ጥቁር፣ ለብ ያለ፣ ንፍጥ የሚመስል። ሽታው የሰባት ሰፈር ድመት ያሰድዳል። የበሰበሰ እንቁላል በተቃጠለ ጎማ ላይ ቢጠበስ እሱን አያህልም። በእጅጌዋ ጠረገችው፤ እጅጌዋም ያው ሆነ።

አጎቷ ያዘዛት ዘይት እንድታፈስ ነበር። እሷ ግን ወደ ቱርቦው የሚገባውን የአየር ቱቦ ማሰሪያ እየፈታች ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ከሐሳቧ አልወጣም።

ማሰሪያው ተፈታ። እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። ጣቶቿ ለስላሳ፣ ያበጠ፣ የሚያሟልጭ ነገር ነኩ። የሞተ አይጥ መሰላት። አይጥ ቢሆን በወደደች። ጎትታ ስታወጣው ቱርቦው ያኘከው ጨርቅ ነው፤ ከዝቃጩ ሥር ቢጫ አበቦች ያሉት፣ ከእናቷ አሮጌ አንሶላ የተቀደደ።

በጋራዡ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ጠዋት ስድስት ጨርቅ ይዞ ይገባል፤ ማታ ስድስቱን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ይወጣል። ቱቦ ሲከፈት አቧራም ብሎንም እንዳይገባ በጨርቅ ይወተፋልና፣ የተረሳ ጨርቅ ካለ በቆጠራው ይታወቃል። ትናንት ቱቦውን የወተፈችው እሷ ናት። ማታ ስትሰቅል አምስት ሆነባት፤ ለአጎቷም ነገረችው። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ልብስ ማጠቢያ ቤት አይደለም» ብሎ የመጨረሻውን ማሰሪያ ራሱ አጠበቀ። እሷም ዝም አለች። ቤቷ ገብታ በላች፤ እንቅልፍም ወሰዳት። ከዘይቱ ይልቅ ያቅለሸለሻት ይሄ ነው።

«ኡፍ፣ ይሄ ደግሞ የማን አንጀት ነው?» አለ ሌላው ሠልጣኝ፣ ቁጢጥ ብሎ እያየ። ማንኮራፋቱ ቆርቆሮ ስለሚነቅል፣ በቀልድ በጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ ስም «ሙፍለር» ይሉታል። አበቦቹን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በርሜሉ ውስጥ ጣይው ባክሽ። ማንም አላየም። ሰርተፍኬት ሊሰጡን ሁለት ወር ቀርቶን፣ ምን ነካሽ? ጋሼሽም ጉድ ይፈላበታል።»

የአሮጌው ዘይት በርሜል አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። ጨርቁ እዚያ ከገባ አበቦቹን ፀሐይም አታያቸው።

ከላይ የአጎቷ ወሬ ማበጡን አላቆመም። መኪናው አሥር ቶን ትርፍ ጭኗል። አይ፣ ሃያ። ሹፌሩ ዳገቱን የወጣው እየዘፈነ ነው። የሹፌሩ ጫማ አሁንም ንቅንቅ አላለም።

አጎቷ ቁልፍ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ጨርቁን አየ። አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ በሕይወቷ ሙሉ ወሬ ሲያልቅበት ያየችው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ከንፈሩን በቅባታም እጁ ጠረገና ጠቀሳት፤ ልጅ ሳለች ከእናቷ ደብቆ ከረሜላ ሲያቀብላት እንደሚጠቅሳት። የከረሜላው ጣዕም ከዘይቱ ጋር ጉሮሮዋ ላይ ወጣባት።

ቀና አለ። «እኔን ካላመኑ የእህቴን ልጅ ይጠይቋት። ትናንት ከጎኔ ንቅንቅ አላለችም። ሌባ ጣቴን ይዛ ያደገች ልጅ ናት፤ አትዋሽም።»

«እስቲ ውጪ» አለች ኃላፊዋ።

በጀርባዋ እየተንፏቀቀች ወጣች። ሙፍለር በዓይኑ በርሜሉን አሳያት። አጎቷ ፈገግ ብሎ ይጠብቃታል፤ ጥርሱ ላይ የዘይት ጭረት አለ። ሹፌሩን ቀና ብላ ስታየው መጀመሪያዋ ነው። ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።

ጨርቁን በአጎቷና በኃላፊዋ መሃል፣ የመኪናው መከላከያ ላይ ዘርግታ አስቀመጠችው። ቢጫው ወደ ላይ ሆነ።

«ትናንት ማታ አምስት ነበር የቆጠርኩት» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ነግሬህ ነበር ጋሼ። ስድስተኛው ይኸው።»